ግቢያችን የከረመው ባለጎማ ቤት

ሰው ዕቃውን ሲሸክፍ ማየት አልወድም። ዘመድ ለሁለት ቀን ሐዋሳ ደርሶ ሊመለስ እንኳ ሻንጣ ሲከፍት ካየሁ፣ ዓይኔ ሳላዘው እዚያ ውስጥ ይገባል። ምን ያዘ? ለሁለት ቀን ሦስት ሱሪ ምን ይሠራል? ጋቢ ለምን አስፈለገው? ባለቤቴ ጉምሩክ መቀጠር ነበረብሽ እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። እሱ ያን በልግ አላየውም።

ባለፈው ሰሞን አርባ ምንጭ፣ ሴቻ አንድ ሆቴል እንግዳ ልጠይቅ ገብቼ፣ ግቢው ውስጥ የፈረንጆች ቤት መኪና ቆሞ አየሁ፤ ማለቴ ያ አልጋውንም ወጥ ቤቱንም በሆዱ ይዞ የሚዞረው ዓይነት። የኋላ በሩ ገርበብ ብሏል። ባጠገቡ ሳልፍ ሽታው መጣ፤ ናፍጣ፣ የጎማ ምንጣፍ፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ በደንብ ሳይደርቅ የታጠፈ ፎጣ። እዚያው ቆምኩ። የሆቴሉ ዘበኛ መጥቶ ምን እንደጠፋብኝ በትሕትና ጠየቀኝ፤ በዓይኑ ግን ሌባ ናት ወይስ ጤነኛ እያለ ነበር። አልፈረድኩበትም። እኔም ብሆን እንደሱ ነበር የማየው።

ያኔ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ቤታችን እዚያው ሴቻ፣ የዳገቱ ጫፍ ላይ ነው፤ ከጓሮ አጥራችን ጀርባ ቁልቁል ጫካው፣ ከጫካው ወዲያ ሁለቱ ሐይቆች ይታያሉ። ቤት ውስጥ እናቴ፣ አያቴና እኔ ነበርን። አባቴ ጂንካ ሌላ ትዳር ይዞ ነበርና ስሙ አይነሳም። ጓሮ ባለችው ክፍል ደግሞ ብሩክ የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተከራይቶ ይኖር ነበር። እናቴ አስቴር ከዞኑ መሥሪያ ቤቶች በታች ዓሣ ጥብስ የምትሸጥበት ትንሽ ምሳ ቤት ነበራት። ቀኑን ሙሉ ሰው ስታስተናግድ ትውልና፣ ስትመለስ ሰው አይታመንም እያለች ትመክረኛለች። «ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር» ለሷ ተረት አልነበረም፤ የቤታችን ሕግ ነበር። እውነቴን ነው፣ ገንፎ ስትሰጠኝ በማንኪያ እያገላበጥኩ ነበር የምበላው።

አያቴ የእናቴ አባት ነው። ሸማኔ ነው፤ ከከተማው በላይ ዶርዜ ተራራ ላይ ከቀርከሃና ከእንሰት ቅጠል የተሠራ የራሱ ቤት አለው። ሴት አያቴ ከሞተች ወዲህ እዚያ ብቻውን ይኖር ነበርና፣ አንድ ቀን ጎረቤት ደውሎ ወድቆ መሬት ላይ አድሮ እንዳገኙት ለእናቴ ነገራት። በዚያው ቀን ወጥታ፣ እጁን ይዛ ወደ እኛ አወረደችው። ከዚያ ወዲያ እሱ ልመለስ ሲል፣ እሷ የትም አትሄድም ስትል ዓመት ሞላቸው። በሌላ በሌላው ተጣልተው አያውቁም። ይሄ አንዱ ነገር ግን ቁርስ ላይም እራት ላይም ይቀርብ ነበር።

የሱ ጭንቀት ቤቱ ነው። የቀርከሃ ቤት እሳት ካልነደደበት፣ ጭስ ካላገኘ ምስጥ ይጫወትበታል፤ ከሥሩ እየተበላ በየዓመቱ ያጥራል። ቤቴ እየሰመጠ ነው ይላል። እናቴ፣ ቤቱ ይስመጥ፣ አንተ ብቻ ቁምልኝ ትለዋለች። ሁለት ጊዜ ሊያመልጥ ሞክሯል። ታችኛው ከተማ ሲቀላ መናኸሪያ ድረስ ወርዶ በዶርዜ አድርጎ ወደ ጨንቻ በሚወጣው መኪና ውስጥ ጋቢውን ተከናንቦ ቁጭ አለ። ምን ዋጋ አለው፣ እናቴ የመናኸሪያውን ረዳቶች አንድ ባንድ ዓሣ እያበላች አስማምታቸዋለች። ሁለቴም በባጃጅ ጭነው መለሱት። ከባጃጁ ሲወርድ ለማንም ሳይናገር በቀጥታ ግቢያችን ውስጥ ወደቆፈረው የሽመና ጉድጓድ ሄዶ እግሩን ከቶ ይቀመጣል፤ ያን ቀን ክር የሚያመላልስበት መወርወሪያው ከወትሮው ይበልጥ ይጮኻል።

እኔም እንዲሄድ አልፈልግም ነበር። እንዲያውም ከእናቴ ብሼ። የምንተኛው አንድ ክፍል ነው፤ ሲያስል ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ አስቀምጦኝ ክር እያስያዘኝ፣ የቀለም ትምህርቴን ሳይሆን ማን እንዳስቀየመኝ ይጠይቀኛል። እሱን ማጣት ማለት ምን እንደሆነ ባልገባኝም፣ እንደማልችለው አውቅ ነበር።

እንግዲህ መኪናው ግቢያችን የገባው እንዲህ ባለንበት፣ ጥምቀት ባለፈ ሰሞን ነው። ፈረንጆቹን ያመጣቸው ብሩክ ነው። ቶማስና ሊዛ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ናቸው። ከአገራቸው እየነዱ መጥተው አርባ ምንጭ ሲደርሱ ካምቢዮው እምቢ አላቸው። የሚቀየረው ዕቃ ከውጭ እስኪመጣ ሰፊ ግቢ ፈለጉ፤ በዚያውም ለቀሪው መንገድ ሊዘጋጁ አሰቡ። ቀሪው መንገድ የሚሉት በኬንያ ወርዶ እስከ አፍሪካ መጨረሻ፣ ከዚያ መኪናውን ከነሆዱ መርከብ ላይ ጭኖ ውቅያኖስ መሻገር ነው። ብሩክ ይሄን ሲተረጉምላት እናቴ ግቢውን ፈቀደችላቸው፤ ግቢውን ፈቀደች እንጂ ልቧን አልፈቀደችም። በሩን እንደዘጋን ወደኔ ዞራ፣ «ሰው ቤቱን ተሸክሞ የሚሸሸው ከምንድነው?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ አገኘሁ።

ያልጠረጠረ አያቴ ብቻ ነው። መኪናውን ዞሮ ዞሮ አየው፤ ጎኑን በጣቱ ቆረቆረው። ጥሩ ቤት ነው፣ ግን የሚሸከመው ማነው ብሎ በብሩክ በኩል ጠየቀ። ቶማስ ስቆ ሞተሩን አሳየው። አያቴ በሞተሩ አልተደነቀም። በኛ አገር፣ አለ፣ የቤቱ ቦታ ሲበላሽ ጎረቤት ይጠራል፤ እንጨት ከሥሩ ይገባል፤ ወንዶቹ ቤቱን እንዳለ አንስተው ወደ አዲሱ ቦታ ይወስዱታል። ቶማስ ይሄን ሲሰማ ልጅ ሆነ። ስንት ሰው፣ እንዴት አድርጎ፣ በየት በኩል እያለ አስሬ አስደገመው። ሽንት ቤቱ ከአልጋው አጠገብ መሆኑ ሲነገረው ግን አያቴ ተጸየፈ። እናቴ፣ ያንተ ቤት ውስጥ ላም ታድር የለም እንዴ አለችው። ላም ሌላ ነው አለ።

የካቲትና መጋቢት ዝግጅት ሆነ። አናጢ መጥቶ ሣጥን ሠራላቸው። ቶማስ ግቢው ላይ ሸራ ይዘረጋና ዕቃውን ሁሉ ይደረድራል፤ ገመድ፣ ክሪክ፣ ስኮርታ ጎማ፣ ጀሪካን፣ ባትሪ፣ ምን እንደሆኑ የማላውቃቸው ብረቶች። ትንሽ ቆሞ ያያቸዋል፤ ጺሙን ያካል፤ መልሶ ይጠቀልላቸዋል። በማግስቱ ያንኑ ዕቃ እንደገና አውጥቶ በሌላ ተራ ይደረድራል። አንድ ዕቃ ለምን አሥር ጊዜ ይታሸጋል? ለኔ መልሱ ግልጽ ነበር፤ በመሃሉ የሚደበቅ ነገር አለ። መስኮቶቹ ይጋረዳሉ፣ በሩ ይቆለፋል። ደግሞ ዋና ዋናውን የሚያስገቡት እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ እየጠበቁ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ሊዛ ከቧንቧው አጠገብ ቁጭ ብላ ሞላላ ነጭ ነገር በለስላሳ ብሩሽ ስታጥብ ደረስኩባት። እንደ ጨቅላ ሕፃን ነው የያዘችው። አጥባ፣ አድርቃ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ አኖረችው። እንዲህ ዓይነት ሦስት አላት። ሮጥኩ። የሮጥኩት ወደ እናቴ አልነበረም፣ ከበራችን ፊት ለፊት ሱቅ ወዳላቸው ወደ እትዬ ዘነበች ነው። እትዬ ዘነበች ነገር አያባክኑም። የአዞ እንቁላል ነው አሉ ወዲያው። ከጫሞ ሐይቅ ዳርቻ አስለቅመው፣ መርከቡ ላይ አስፈልፍለው፣ ቆዳውን እዚያ ሊቸበችቡት ነው። በማግስቱ ሠፈሩ በሙሉ ያውቅ ነበር። ሰው ሳሙና ሊገዛ እየመጣ በአጥራችን ቀዳዳ አጮልቆ ይሄዳል።

ሌላ ቀን ቶማስና ብሩክ ረጅም፣ በሸራ የተጠቀለለ ነገር በትከሻቸው ተሸክመው ወደ መኪናው ሲያስገቡ አየሁ። ርዝመቱ የሰው ነው። መሃሉ ላይ ለጠጥ ብሏል። ገብቼ የቤቱን ሰው ቆጠርኩ፤ ሁሉም አለ። የእትዬ ዘነበችም ባል ሱቁ ጓሮ ተኝተዋል። ቢሆንም ለጥቂት ቀን ከሠፈሩ የጠፋ ሰው አለ ወይ እያልኩ ጠየቅኩ።

ይሄ ሁሉ ግን ጨዋታ ነበር። ከልቤ ያስፈራኝ ነገር የመጣው ከአያቴ በኩል ነው።

ሊዛ የሱን ሽመና ወደደችው። መጀመሪያ ለመስኮቶቹ መጋረጃ ሥራልኝ አለችው፤ ከዚያ የአልጋ ልብስ። አያቴ ልኩን ሊወስድ መኪናው ውስጥ ገባ። በመስኮቱ ሳየው አልጋው ላይ ተጋድሞ፣ እጆቹን ደረቱ ላይ አድርጎ ጣራውን ያያል። ለመጋረጃ ልክ ምን ያጋድመዋል? ከዚያ ሊዛ ጉድጓዱ አጠገብ በርጩማ ይዛ እየመጣች ትስለው ጀመር፤ እጁን ለብቻ፣ ፊቱን ለብቻ፣ መወርወሪያውን ለብቻ። ቋንቋ የላቸውም፤ ግን ይሳሳቃሉ። ለምንድነው የምትስለው ብዬ ብሩክን ስጠይቀው፣ በነሱ አገር ከየዓለሙ የመጣ ዕቃ መስታወት ውስጥ ተቀምጦ ሰው የሚያይበት ትልቅ ቤት እንዳለ አጫወተኝ። እሱ ለወግ ነው የነገረኝ። እኔ ግን አያቴን ከነጉድጓዱ፣ ከነሳሉ፣ መስታወት ውስጥ ቁጭ ብሎ አየሁት። ፈረንጆች እየተሰለፉ ያዩታል። ቢያስል እንኳ ውጭ አይሰማም።

ከዚያ ወዲህ እሱንም መሰለል ያዝኩ። ጆሮዬን ከሱ፣ ዓይኔን ከመኪናው አላነሳም። የክት ጋቢው ከግድግዳው ላይ ጠፋ። የት ሄደ ስለው ታጥቧል አለኝ፤ ገመዱ ላይ ግን የለም። ከሁለቱ መወርወሪያዎች አሮጌው ጠፋ፤ ያ ከአባቱ የወረሰው፣ እጅ ብዛት ያለሰለሰው። እናቴ የሠራችው ዳጣ፣ ያ እንደ እሳት የሚፋጀው የቃሪያ ማባያ፣ በቆርቆሮ ጣሳ ተሞልቶ ከጓዳ ወጣ፤ ፈረንጅ ያን ቀምሶ እንደማይተርፍ አውቃለሁ፣ ታዲያ ለማን? አንድ ቀን ጠዋት ደግሞ በነጠላው ሥር አንድ ነገር ይዞ ወደ መኪናው ሲሄድ ደረስኩበትና ፊት ለፊት ጠየቅኩት።

«አባባ፣ ባህር ማዶ ልትሄድ ነው?»

እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ባህር ላይ ምን አለኝ ልጄ አለኝና ራሴን ደባብሶኝ አለፈ። ልብ በሉ፣ አልሄድም አላለም።

ለእናቴ ነገርኳት። ምሳ ቤቷ ውስጥ ዓሣ እያገላበጠች ነበር፤ ዘይቱ እየተንጣጣ እጇ ቆመ። ሲመሽ ብሩክን ጠርታ በር ላይ አቆመችው። «አባቴን ባህር ማዶ ሊወስዱት ነው ወይ?» አለችው። ብሩክ በገብርኤል ምሎ፣ ባህር ማዶ ማንም አይወስደውም አላት። እሱ ደግሞ ልማዱ አይደለም መማል። እናቴ ተመስገን ብላ ገባች። እኔ ግን የብሩክን ፊት አይቻለሁ፤ የማለ ሰው ፊት አልነበረም፣ ከባድ ነገር የተሸከመ ሰው ፊት ነው። የዚያን ሰሞን ከሱ ጋር መነጋገር አቆምኩ። ካራሜላ ቢያመጣልኝም ወረቀቱን ገልጬ አሽትቼ ነበር የምበላው።

ካምቢዮው መጣ፣ ተገጠመ። ሊሄዱ ነው ተባለ። ሊሄዱ በነበረበት ዋዜማ የበልጉ ዝናብ ሰማዩን ቀዶ ወረደ፤ አድሮም አላባራም። ጠዋት ላይ ሲያቆም ግቢያችን ግቢ አልነበረም። ያን ሁሉ ወር ቆሞ የከረመ፣ አፍ እስካፉ የተጫነ መኪና ሞተሩን ሲያስነሳ የኋላ ጎማዎቹ ባሉበት ዞሩ። ጭቃው ግድግዳችን ድረስ ተረጨ። መኪናው ረገብ፣ ረገብ እያለ እስከ ቸርኬው ሰመጠ።

እኔ ደስ አለኝ። እግዚአብሔር የሰማኝ መሰለኝ።

ቶማስ ለዚህ ብሎ ያመጣቸውን የብረት ንጣፎች ከጎማው ሥር አስገባ፤ ጭቃው ብረቶቹንም ዋጣቸው። የጭነት መኪና ተጠርቶ ከመንገዱ ላይ ሆኖ ሊጎትት ሞከረ፤ ገመዱ ተበጠሰና ሹፌሩ ይቅርታ ብሎ ሄደ። ሊዛ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። መርከቡ ቀን እንዳለው፣ ካመለጣቸው ወራት እንደሚጠብቁ ብሩክ ነገረን። ያኔ ነው አያቴ ከበረንዳው ላይ ሆኖ በጋሞኛ ሰው ጥሩ ያለው።

የሠፈሩ ሸማኔዎች መጡ፤ ብዙዎቹ የዶርዜ ሰዎች ናቸው። ከነሱም ውስጥ የአያቴ የወንድም ልጅ ደሳለኝ አለ። ከኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ጭነው የመጡ ጋሪ ነጂዎች ጋሪያቸውን በር ላይ አቁመው ተጨመሩ። ወፍራም የባሕር ዛፍ አጣና መጣ። እትዬ ዘነበች ሱቃቸውን ዘግተው ገቡ፤ ሱቃቸውን ሲዘጉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ፤ ግቢው ጌጥ በጌጥ ሆነ።

አያቴ ጉልበቱ እያስቸገረው መጥቶ መኪናው ፊት ቆመ። ቤት ሲነሳ ድምፅ እያወጣ የሚመራው እሱ ነበር አሉ፤ ድሮ፣ ዓይኑ ደህና ሳለ። መጀመሪያ ይራገፍ አለ። ቶማስ ከባድ ከባዱን ብቻ እናውርድ፣ በስተኋላ ያሉት ሣጥኖች ይቆዩ አለ። አያቴ ራሱን ነቀነቀ። ሰው የሚሸከመው ቤት ውስጥ የተደበቀ ነገር አይቀርም፤ ተሸካሚው የተሸከመውን ማየት አለበት፤ በኛ ዘንድ ደንቡ ነው አለ። ብሩክ ይሄን ከመተርጎሙ በፊት አያቴን አየው፣ አያቴም አየው። ከዚያ ተረጎመው።

እናም ያ አንድ በልግ ሙሉ ስሰልለው የከረምኩት ሁሉ፣ በእጅ በእጅ እየተቀባበለ ወጥቶ ሸራ ላይ ተዘረጋ። ሠፈሩ ሁሉ ከቦ ያያል። ገመድ፣ ጣሳ ዓሣ፣ መድኃኒት፣ የሽንት ቤት ወረቀት ክምር። የሰው ርዝመት ያለው ጥቅል ሲፈታ ከመኪናው ጎን የሚዘረጋ የፀሐይ መከላከያ ሸራ ሆነ። ሦስቱ ነጫጭ እንቁላሎች ወጡ። እትዬ ዘነበች ይኸው ብለው ተንጠራሩ። ሊዛ አንዱን አንስታ፣ ከላይ ቆሻሻ ውሃ ይገባል ከታች ንጹሕ ይወጣል ብላ በእጇ አሳየቻቸው፤ የውሃ ማጣሪያ ነው። እትዬ ዘነበች ጥቂት አሰቡና፣ «እሱማ የሚሉት ነው» አሉ።

ሁሉም ወጥቶ መኪናው ባዶ ሲሆን ደሳለኝ አጣናውን ሊያስገባ ጎንበስ አለ። አያቴ ቆይ አለው።

«አንድ ቀርቷል። አልጋው ሥር ነው። የኔ ነው።»

ብሩክ ገባና ይዞት ወጣ። የክት ጋቢው ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል። ሸራው ላይ ሲያኖረው ገመዱ ላላና ተከፈተ፤ አሮጌው መወርወሪያ፣ የዳጣው ጣሳ፣ ከሁሉም በታች ደግሞ ማንም ያልለበሰው፣ ታጥቦ የማያውቅ ነጭ ሸማ። ለመገነዣው በእጁ የሠራው እንደሆነ ወንዶቹ ወዲያው አወቁ፤ ዓይናቸውን መለሱ።

እናቴ ከሰው መሃል ወጣች። ጭቃው ውስጥ ጫማዋ ሲቀር ትታው መጣች።

«የት ልትሄድ ነው አባዬ?»

«ቤቴ። ዛሬ ዶርዜ ወጥተው እኔን አድርሰው ነው የሚሄዱት። እኔ ነኝ የለመንኳቸው። ብሩክንም አትቆጪው።»

ያ ሁሉ ሰው ባለበት ነገሩን ተናገረችው። ጠዋት እሳት የሚያነድልህ ማነው አለችው። ስትወድቅ የሚያነሳህ ማነው? አንድ ቀን አንድ ሌሊት መሬት ላይ ተጋድመህ ያገኙህን ረሳኸው? እናቴ በሰው ፊት ስታለቅስ አይቼ አላውቅም፣ ያን ቀን አየሁ።

«አልረሳሁም፣ አስቴር» አላት። «የወደቅኩት ግን ቤቴ ውስጥ ነው።»

ፊቷን አዞረችበት። ደሳለኝ ጨንቻ የሚማር ልጁን እሱ ዘንድ እንዲያድር እንደሚያደርግ በለሆሳስ ተናገረ። እሱንም አላየችውም። አያቴ ያኔ ጎንበስ ብሎ ከአጥሩ ሥር አንድ እፍኝ እርጥብ ሣር ነጨ። ምን ሊያደርግ እንደሆነ ግቢው ውስጥ ያልገባው ፈረንጆቹ ብቻ ናቸው። በጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከፊትህ ከተንበረከከ እምቢ ብሎ ማለፍ የለም፤ ጦር ይዞ የመጣም ሰው ቢሆን ይመለሳል። ግን አባት ለልጁ ሲንበረከክ ማን አይቶ ያውቃል? ያ አልታጠፍ የሚለው ጉልበቱ መታጠፍ ጀመረ።

እናቴ ዘላ ክንዱን ያዘችው።

«እንዳትንበረከክ» አለችው። «እንዳትሞክረው። ሂድ።»

ሣሩን ከእጁ ወሰደችው። ጥቅሉን ሰብስባ፣ ነጩን ሸማ ጭቃ እንዳይነካው ከሁሉም መሃል አድርጋ፣ እንደገና አጠበቀችና ለእትዬ ዘነበች አስያዘቻቸው። ከዚያ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ ሄዳ ከደሳለኝ ጎን ትከሻዋን ከአጣናው ሥር አስገባች። ሴት ቤት አትሸከምም የሚል አንድ ሽማግሌ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ዘጋው።

እኔ ምን እንደተሰማኝ ልናገር። ባህር ማዶ አለመሆኑን ሰምቼ ልቤ እፎይ ማለት ነበረበት። ዶርዜ እኮ ከሴቻ ቀና ብለው የሚያዩት ተራራ ነው። ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ መንገዱን አይለካም። ለኔ ዶርዜም ባህር ማዶም ያው ነው፤ ዛሬ ማታ ከአጠገቤ አያስልም። እናቴም አሳልፋ ሰጠችው። የተናደድኩት በሷ ነው። በፈረንጆቹ ላይ የነበረኝ ጥርጣሬ ሁሉ ባንዴ ወደሷ ዞረ፤ ያን ሁሉ ረዳት ዓሣ ያበላች ሴት፣ በአንድ እፍኝ ሣር?

ሊዛ መሪው ላይ ወጣች። ቶማስ ከወንዶቹ ጋር ተሰለፈ። አያቴ ከፊት ቆሞ አንድ እጁን ወደ ላይ አነሳና ድምፁን አወጣው፤ ያን ድምፅ ከሱ ሰምቼ አላውቅም፣ የወጣት ድምፅ ነው። እሱ ሲያወጣ ሌላው ሆ ብሎ ይቀበላል። በሦስተኛው ላይ አጣናዎቹ ጎበጡ። የመኪናው ቂጥ ከጭቃው ጧ ብሎ ተላቀቀና ከፍ አለ።

እኔ ከኋላ ነበርኩ። ጣራ ላይ ለመውጫ የተሠራች የብረት መሰላል ከኋላ በሩ ጎን አለች፤ የታችኛዋን ደረጃ በሁለት እጄ ጨበጥኩ። እግሬን ጭቃው ውስጥ ተከልኩ። እነሱ ሆ ባሉ ቁጥር ባለ በሌለ ኃይሌ ወደ ኋላ ጎተትኩ። እጄ ተላጠ። ጥርሴን ነክሼ፣ እያለቀስኩ፣ አፍንጫዬ እየፈሰሰ ጎተትኩ። መኪናው እኔንም ጭምር ይዞኝ ወደ በሩ ሄደ፣ እግሬ ጭቃው ላይ ሁለት መስመር እያሰመረ።

«ጎበዝ ምሕረት!» አሉ እትዬ ዘነበች፣ የአያቴን ጥቅል እንዳቀፉ። «ግፊ የኔ ልጅ፣ ግፊ!»

ሰው ሁሉ አጨበጨበልኝ።